ሦስቱ ሃ

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ልጅ እግር ደወለልኝ። አንድ ነገር ለመናገር ሦስት ጊዜ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ልጅ ነው። አባቴ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት የጻፈውን ጌም በአዲስ መልክ እያወጡት እንደሆነ፣ በዚህኛው ደግሞ ውስጡ ያሉት ሁሉ አፍ አውጥተው እንደሚያወሩ ነገረኝ።

«አንድ ቦታ ላይ ተቸግረን ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «የጨለማው ንጉሥ የዞልጋ የመጨረሻ ቃል ላይ። ተዋናዩ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ እየጠበቀ ነው። ይሳቅ ወይስ እናቱን ያንሳ?»

«አባቴን አልጠየቃችሁም?»

«ጠይቀናቸዋል። ‹እኔ ምኑን አውቄ! ልጄን ጠይቋት› ብለው ዘጉብን። ይቅርታ።»

አይ አባዬ! ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬም ከባድ ነገር ሲመጣ ወደ እኔ ይገፋዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ስንስቅ እንደ ማንም ሰው «ሃ ሃ ሃ» ነው የምንለው። ጣጣው በእኛ ቋንቋ ስለ እናታችን ለባዳ ሰው ስናወራ የምንጠራበት ቃልም «ሃሃ» መሆኑ ነው። ከኋላው «ዋ» የምትል ቅጥያ እናስከትላለን፤ «እናቴማ…» እንደ ማለት ናት፣ ወሬው ገና ሊመጣ ነው። ይቺ ቅጥያ ስትነገር «ዋ» ትባል እንጂ ስትጻፍ በዚያው በ«ሃ» ፊደል ነው። እንግዲህ ሦስት ሃ ተደርድረው ካያችሁ ሰውየው ወይ እየሳቀ ነው፣ ወይ ስለ እናቱ ሊያወራ ነው። መጽሐፍ ላይ ቢሆን «እናት» የራሷ የሥዕል ፊደል ስላላት ማንም አይሳሳትም። በዚያ ዘመን የጌም ካሴት ውስጥ ግን ለሥዕል ፊደል የሚሆን ቦታ ከየት ይምጣ? ድምፅ በድምፅ እየለቀምን ነበር የምናነበው።

ልጁን ነገ ደውል አልኩትና ቁጭ ብዬ ሳስብ ዋልኩ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሳካይ ከተማ ነው። አባቴ የሚሠራው ከቢላ ሞራጁ ሱቅ በላይ፣ ፎቁ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ሦስት ሆነው አንድ ጌም እየሠሩ ነበር፤ አንድ ጀግና ሰይፍ ይዞ ከመንደር መንደር እየዞረ፣ ጭራቅ እየገደለ፣ መጨረሻ ላይ ዞልጋ የሚባለውን የጨለማ ንጉሥ የሚያሸንፍበት ጌም። ታሪኩን የሚጽፈው አባቴ ነው። ማኪኖ የምትባል ቀጭን ሴት ደግሞ የጻፈውን ካሴቱ ውስጥ ታስገባለች፤ ማስገባት እንኳን አይባልም፣ ትጠቀጥቃለች። ሦስተኛው ኦኩቦ ነው፤ ሁላችንም «አለቃ» ነበር የምንለው። ሆዱ ትልቅ፣ ድምፁ ከሆዱ የሚበልጥ ሰው።

እማዬ የሄደችው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው።

አባዬ ሸሚዝ ሊቀይር ጠዋት ብቅ ብሎ ነበር። ጥርሱን እየፋቀ ሳለ እማዬ ኮፍያዋን አድርጋ መጣችና ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ሁለት እጇን መሬት አስነክታ፣ እንግዳ ሰው እንደሚያናግሩት አድርጋ፣ «ከይቅርታ ጋር፣ ወደ ወላጆቼ ቤት እንድመለስ ይፍቀዱልኝ» አለችው።

«እ? መቼ?» አለ አባዬ ብሩሹ አፉ ውስጥ እንዳለ።

«አሁን።»

ጠረጴዛው ላይ ሰፊ ወረቀት አስቀመጠችና፣ «እዚህ ጋ ማኅተምህን አድርግበት» አለችው። እኛ አገር ሰው የሚፈርመው በየራሱ ትንሽ ክብ ማኅተም ነው። ከዚያ ጫማዋን እያደረገች፣ «ሰውየህ ደህና ይሁንልህ» ብላ ጨመረች። «ሰውየህ» የምትለው ዞልጋን ነው። አብሮት ስለሚያድር፣ አብሮት ስለሚበላ፣ በእንቅልፍ ልቡም ስለሚጠራው መሆኑ ነው። እኔ ለዞልጋ ሰላምታ መላኳ ደስ አለኝ።

«እማዬ፣ መንደሪን ለቀማ ነው?» አልኳት። የአያቴ ቤት ዋካያማ፣ ተራራው ላይ ነው፤ በኅዳር ጎኑ በሙሉ በመንደሪን ቢጫ ይሆናል።

ቀና ብላ አየችኝ። «አዎ» አለች። «መንደሪን ለቀማ ነው።»

«ታመጪልኛለሽ?»

«እልክልሻለሁ» አለችና ፀጉሬን አስተካክላልኝ ወጣች።

እኛ አገር ሚስት ለባሏ ያንን ዓረፍተ ነገር በዚያ ትሕትና ካለችው ጎረቤቱ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በዚያ ጠዋት ሳካይ ውስጥ ያልገባን ሁለት ሰዎች ብንኖር እኔና አባቴ ነበርን። እኔ ልጅ ነኝ፤ እሱ ደግሞ ለሦስት ቀን እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም።

ወረቀቱ እንዳለ ተቀመጠ። መስመሮቹ አረንጓዴ ናቸው፤ ሳጥን ሳጥን የበዛበት ደስ የማይል ወረቀት። ጀርባው ግን! ጀርባው ሰፊና ነጭ ነበር። ቤታችን ንጹሕ ወረቀት ብርቅ ነው፤ አባዬ የካሌንደሩን ጀርባ እንኳ አይምርም፣ ሁሉም ላይ የጭራቅ ስም ይጽፍበታል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን አየሁት። ማንም አልነካውም። በስድስተኛው ቀን አጥፌ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በዚያ ሰሞን መምህራችን የስልክ ሥርዓት ታስተምረን ነበር። «ባዳ ሰው ሲደውል ‹እማዬ የለችም› ማለት ነውር ነው። ትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚለው፤ ሃሃ ዋ… እናቴ ለጊዜው ቤት የለችም» አለችን። ወይ መደሰት! ያውም የምናገርበት ጊዜ ሲገጥም። ስልክ ሲጮህ እየሮጥኩ አነሳና ማን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ «ሃሃ ዋ እናቴ ለጊዜው ቤት የለችም!» ብዬ እለቀዋለሁ። የኢንሹራንሱ ሰውዬ አመሰገነኝ። የሰፈር ኮሚቴዋ ሴትዮ «ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት» አለችኝ። አንዱ ደዋይ ብቻ ምንም ሳይል ቆየና ቀስ ብሎ ዘጋው። ጨዋነት የጎደለው ሰው ነው ብዬ ታዘብኩት።

እማዬ ነበረች። ይህን የነገረችኝ ትዳር ከያዝኩ በኋላ ነው። «እንደዚያ ቀን አፌን የያዘኝ ጊዜ የለም» አለችኝ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ አባዬ ሥራ ቦታ ነበር የምሄደው። ከታች የሞረዱ ድምፅ ሽው ሽው ይላል፤ ደረጃው እርጥብ ብረት ብረት ይሸታል። ማኪኖ ጨው ያለበት የባሕር ቅጠል እያኘከች ታይፕ ታደርጋለች። ሰኞ ካሴቱ ለፋብሪካ ይገባል ስለተባለ በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ ጠባዩ ተበላሽቶ ነበር።

አርብ ዕለት አለቃ ዞልጋ ላይ ተነሳ።

«ሞሪካዋ» አለው አባቴን፣ «ይሄ ሰውዬ ምንድነው የሚፈልገው?»

«ዓለምን መግዛት።»

«ገዝቶ ምን ሊያደርግበት ነው? ኪራይ ሊሰበስብ ነው?»

«ክፉ ነዋ፣ አለቃ። የጨለማ ንጉሥ ነው።»

«ክፉ መሆኑን ማን ጠየቀህ! አማቴም ክፉ ናት። እሷ ግን ለምን እንደምትጠላኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሌሊት እንኳ ሳስባት እንቅልፍ የለኝም። ይሄ ያንተ ሰውዬ መንደር ያቃጥላል፣ ቀንዱን ይነቀንቃል፣ አለቀ። ልጁ አርባ ሰዓት ለፍቶ፣ ደርሶበት፣ ገድሎት፣ ‹እራት ደርሷል ወይ?› ብሎ ይነሳል። በሳምንቱ ስሙን ይረሳዋል! አንተ ይሄን ሁሉ ወር ቤትህን ጥለህ አብረኸው የኖርከው ለዚህ ነው?»

አባዬ ፊቱ ደመነ። «ሲሞት የሚናገረው ነበር እኮ። ዘጠኝ መስመር ጽፌ ነበር…»

«ቆርጬዋለሁ» አለች ማኪኖ አንገቷን ሳታዞር። «ቦታ የለም። ሦስት ፊደልና ሦስት ነጥብ ነው ያተረፍኩልህ። አንዴ ሃ ሃ ሃ ብሎ ይሙትልን።»

«ቤትህን ጥለህ» የሚለው ነገር አልገባኝም። ቤታችን አልተጣለም፣ እዚያው ነበር። አባዬ ግን ከዚያ በኋላ እስክንሄድ ድረስ ምንም አልጻፈም፤ እርሳሱን ብቻ ይቀርጽ ነበር።

ቅዳሜ ትምህርት ግማሽ ቀን ነው። ቀትር ላይ ስደርስ አለቃ ወንበር ስቦ ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጠኝ። «ነይ እስቲ አንቺ ሚጢጢ። ልጅ የሆንሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ግደይውና ምን እንደተሰማሽ ንገሪን።»

ማኪኖ ትልቁን ሰይፍ አስይዛ እዞልጋ በር ድረስ አደረሰችኝ። ዞልጋ ጥቁር ካባ ለብሶ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል። አይ መዋጋት! ምላሴን ነክሼ፣ መጫወቻውን በላብ አርሼ፣ ሁለቴ ሞቼ፣ በሦስተኛው ጣልኩት። ስክሪኑ ብልጭ ድርግም አለ። ጽሑፉ ወጣ። እኔ ደግሞ የማነበውን ሁሉ ጮክ ብዬ ነው የማነበው።

«ሃሃ ዋ…» አልኩ።

ቀሪውን ጠበቅሁ። ስክሪኑ ጨለመ።

«ቀሪውስ?»

«የምን ቀሪ?» አለች ማኪኖ።

«የዞልጋ ነዋ። ‹እናቴማ…› ብሎ ጀምሮ ሞተብኝ እኮ!»

ሦስቱም ተያዩ። አለቃ መሳቅ ጀምሮ መሀል ላይ ተወው።

«እትዬ ማኪኖ፣ ሳይጨርስ ገደልኩት?» አልኩ። «‹ለጊዜው ቤት የለችም› ሊል ነበር። የሱም እናት ሄዳ ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ እየጠበቃት ነበር፣ እኔ ደግሞ መጥቼ…» ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ላለቅስለት የቻልኩት ለዞልጋ ነበር፤ ለሌላ ነገር እያለቀስኩ እንደሆነ አላወቅሁም።

አባዬ ብድግ ብሎ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁት። አበላሽቼ ስላነበብኩ የተቆጣ መሰለኝ። ሞራጁ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያጫውተኝ፣ አባቴ ወርዶ ውሃ እንደለመነው፣ ሦስት ብርጭቆ ግጥም አድርጎ ከጠጣ በኋላ ደረጃው ሥር እንደተቀመጠ፣ እሱም ሞረዱን አቁሞ ወደ ውጭ ሲያይ እንደቆየ ነገረኝ።

«አሁን ገና አወቅሁት ይሄን ሰውዬ» አለ አለቃ፣ ዞልጋ የሞተበትን ስክሪን እያየ፣ ለራሱ።

ማኪኖ የባሕር ቅጠሏን አንድ እፍኝ ሰጠችኝ። ከአባዬ ልታረቅ አሰብኩና ከቦርሳዬ ያንን ሰፊ ወረቀት አወጣሁ። በወፍራም ብዕር ዞልጋን ከነቀንዱ ሣልኩት። አጠገቡ እናቱን ሣልኩ፤ እሷም ቀንድ አላት፣ ግን የገለባ ኮፍያ አድርጋለች፣ ቀንዷ በኮፍያው ብቅ ብሏል። እግራቸው ሥር ቅርጫት ሙሉ መንደሪን። መንደሪኖቹን ብርቱካናማው ብዕር እስኪደርቅ ድረስ ቀባኋቸው።

አባዬ ሲመለስ በሁለት እጄ አቀረብኩለት። «የዞልጋ እናት ናት። ለቀማ ሄዳ ነው፤ ይኸው ተመለሰች።»

ተቀበለኝ። አየው። ከዚያ ገለበጠው። አለቃ በትከሻው በኩል አይቶ መነጽሩን አወለቀ። ማኪኖ ማኘኳን አቆመች። እኔ፣ ምን ልበላችሁ፣ በሥዕሌ ተገርመው ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«ጥሩ ሥዕል ነው» አለች ማኪኖ በቀጭን ድምፅ።

«ቺሆ» አለኝ አባዬ፣ «ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከቤት፣ ከጠረጴዛው ላይ። ጀርባው ባዶ ነበር።»

«ባዶ ነበር» አለ። ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ቀረ።

ከዚያ ማኪኖ ወደ ማሽኗ ዞረች። «ሁለተኛ ወንበር ማድረግ እችላለሁ» አለች።

«ቦታ የለም አላልሽም?» አለ አለቃ።

«ለአዲስ ሥዕል ነው የሌለው። ወንበሩ አለ እኮ! ያንኑ ዙፋን ጎኑ ላይ ድጋሚ ባሳየው ምንም አይፈጅም። ባዶ ዙፋን። ማን እንደሚቀመጥበት አንናገርም። ደግሞ ‹ዞልጋ መንደር አቃጠለ› የሚለውን ‹ዞልጋ ድልድይ ሰበረ› ብንለው የፊደሉ ብዛት ተቀራራቢ ነው።»

«ለምን ድልድይ?»

«ማንም ከቤቱ ወጥቶ እንዳይሄድ ነዋ!» አልኩ እኔ። ይሄ ያልገባው ሰው አለቃ መሆኑ ገረመኝ።

አለቃ ጠረጴዛውን ደበደበ። «አድርጊው! አሁኑኑ! አንተስ ምን ይገትርሃል፣ ሞሪካዋ? ነገ እሁድ ነው። መንደሪን ለቀማ ሂድ።»

«ሰኞ ካሴቱ…»

«ካሴቱ እኔና ማኪኖ አለንለት። ሂድ አልኩህ! ያንን ወረቀት ይዘህ ሂድ።»

እሁድ ጠዋት በባቡር ሄድን። አባዬ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ ነበር። በዚያ ጫማ የመንደሪን ተራራ መውጣት! በየሁለት እርምጃው ይንሸራተታል፤ እኔ ከኋላ እየገፋሁት በሳቅ ፈረስኩ። አያቴ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆሞ አየን። አባዬ ከወገቡ ታጥፎ ሰላምታ ሰጠው። አያቴ መልስ አልሰጠም። «አያቴ ጆሮው ደክሟል» ብዬ አባዬን አጽናናሁት። የአያቴ ጆሮ እስኪሞት ድረስ የመርፌ ድምፅ ይሰማ ነበር።

እማዬ ከላይኛው እርከን ላይ፣ ቅርጫት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በመቀስ እየቆረጠች አገኘናት። እኔን ስታይ መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ጥምጥም ብዬባት ልብሷን አሸተትኩ፤ መንደሪን መንደሪን ትላለች። አባዬ ሁለት እርከን ዝቅ ብሎ ቆሞ ነበር።

«አተምክበት?» አለችው በእኔ ራስ ላይ አሻግራ።

«አላተምኩም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?»

ወጣና ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጣት። «ገልብጪው» አላት።

ገለበጠችው። ረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄ ማነው?» አለችኝ።

«ዞልጋ ነው። ይቺ እናቱ ናት። ሄዳበት እኮ ነው ክፉ የሆነው።»

እማዬ ወረቀቱን መልሳ ወደ አረንጓዴው ፊት አዞረችና ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። የብዕሩ ቀለም ሰርጎ ወደዚያኛው ወገን አልፏል። አንደኛዋ መንደሪን፣ ክብ፣ ልክ የማኅተም ያህል፣ አባዬ ማተም ከነበረበት ሳጥን መሀል ላይ ቁጭ ብላለች።

«ታትሟል እኮ!» አለች እማዬ።

«እንዴ?» አለ አባዬ ተንጠራርቶ። «እኔ አይደለሁም! በመንደሪን የታተመ ወረቀት ማዘጋጃ ቤት አይቀበልም…»

በቃ፣ ሳቀች። ሃ ሃ ሃ ብላ፣ ቅርጫቱን እንዳንጠለጠለች መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ መንደሪኑ ቁልቁል እየተንከባለለ፣ ዓይኗ እንባ እስኪሞላ ሳቀች። በሥዕሌ የሳቀች መስሎኝ ተቀየምኩ። እንባው ከሳቁ ብቻ እንዳልነበር አሁን አውቃለሁ።

አባዬ በሙሉ ልብሱ አጠገቧ አፈሩ ላይ ተቀመጠ። «ካዙዮ» አላት።

ደነገጥኩ። «ማናት ካዙዮ?» አልኩ። አባዬ ቤት ውስጥ የሚጠራት «እናት» እያለ ነው፤ ልጅ ያለው ባል ሁሉ እንደሚያደርገው።

«እኔ ነኝ» አለች እማዬ። «ረስቶት ነበር።»

«ካዙዮ፣ ዞልጋን ያወቅሁት ገና ትናንት ነው» አላት። «ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ነው። እሱን ስጽፍ እኛ ቤት ባዶው ወንበር የእኔ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ።»

«ስምንት» አለች እማዬ።

«ስምንት። አጥፍቻለሁ።»

እማዬ ተነሳች። ልብሷን አራገፈች። መቀሷን አንስታ ሰጠችው። «ሁለቴ ነው የሚቆረጠው» አለችው። «መጀመሪያ ከዛፉ ረዘም አድርገህ፤ ከዚያ ደግሞ እንደገና፣ አጥብቀህ ከሥሩ። አጉል እንጨት ከቀረበት ቅርጫት ውስጥ ሌላውን ይወጋዋል፣ ያበሰብሰዋል። ገባህ?»

«ገባኝ።»

እስከ አመሻሽ ባቡር ድረስ በክራቫቱ ለቀመ። የመጀመሪያው ቅርጫቱ ግማሹ እንጨት ነበር፤ ሁለተኛው ይሻል ነበር። አያቴ መጥቶ ሁለተኛውን ቅርጫት አገላብጦ አየና «እ» አለው። ከአያቴ አፍ ይሄ ብዙ ነው።

እማዬ አብራን አልተመለሰችም። ጣቢያው ድረስ ሸኘችንና «ለቀማው አላለቀም» አለች። እኔም አባዬን «አላልኩህም? መንደሪን ለቀማ ነው!» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነትም መንደሪን ለቀማ ብቻ ሆነ። ወረቀቱን ግን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ቀረች። ኋላ በመስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው፣ ዞልጋና እናቱ ወደ ውጭ። አረንጓዴው ወገን ምን እንደሆነ ያወቅሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ መስታወቱ ሲሰበር ነው። የፍቺ ወረቀት ነበር፤ ቆሜ አነበብኩት፣ የእማዬን ማኅተም አየሁ፣ የመንደሪኗን አየሁ፣ አዲስ መስታወት ገዝቼ እንደነበረ መልሼ ሰቀልኩት።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው። አባዬ ወጥ ቤት ሩዝ እያሳረረ ነበር፤ በዚያ ወር ከሥራ በጊዜ መምጣት ጀምሯል። ስልክ ጮኸ። ሮጬ አነሳሁ።

«ሃሃ ዋ…» ብዬ ጀመርኩ።

የፊት ለፊቱ በር ተንሸራቶ ተከፈተ። እማዬ የመንደሪን ሣጥን በሁለት እጇ ታቅፋ፣ በእግሯ በሩን እየገፋች፣ ኮፍያዋ ተንጋዶ ቆማለች።

አፌ እንደተከፈተ ቀረ። የተማርኩት ዓረፍተ ነገር ከዚህ በኋላ አንድ መንገድ ብቻ ነበረው፤ እሱ ደግሞ አሁን ውሸት ነው።

«ሃሎ? ሃሎ!» ይላል አለቃ ወዲያ ማዶ። «እናትሽ ምን ሆነች? ጨርሺው እንጂ፣ አንቺ ልጅ!»

«ሃሃ ዋ… አለች!» ብዬ ጮህኩ። «እናቴ አለች! ቤት አለች!» ስልኩን ጥዬ ሮጥኩ። አለቃ ማዶ ሆኖ ሲያገሣ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማ ነበር፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አጠገቡ የነበረችው ማኪኖም እስከ ዛሬ አትናገርም።

ጌሙ ወጣ። ሰው ሁሉ አልገዛውም፤ የገዙት ልጆች ግን ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ስለ ጀግናው የጠየቀ ልጅ አላስታውስም። «ሁለተኛው ዙፋን የማነው?» «ሲሞት ለምን ሳቀ?» «አልሳቀም፣ እናቱን ጠርቷል፤ ወንድሜ ግን አያምንም፣ እባካችሁ ንገሩልኝ።» አባዬ ደብዳቤዎቹን በሣጥን አስቀመጣቸው። ለአንዱም አልመለሰም።

ልጅ እግሩ በማግስቱ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ይቅርታ ጠይቆ ደወለ።

«ዋ ይበል» አልኩት።

«እናት ማለት ነው?»

«እናት።»

ከማዶ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «ይቅርታ፣ ተዋናዩ አንድ ጥያቄ አለው። ያልተነገረው ቀሪ ምን እንደሆነ ካላወቅሁ ድምፄ አይወጣልኝም ይላል። ድምፁ ድርቅ ያለ እንዳይሆን ነው። ‹እናቴማ…› ከዚያስ? ‹የለችም› ነው? በሐዘን ይበለው?»

ልጁ ሳያውቅ ልቤን ነካው። ዞልጋን ከገደልኩት ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆነኝ፤ ቀሪውን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«‹የለችም› አይደለም» አልኩት። «‹አለች› ነው። ከጀግናው በስተጀርባ በሩ ተከፍቷል በለው። እሱ ብቻ ነው የሚያያት። ኮፍያዋ ተንጋዷል፣ እጇ ሙሉ ነው፣ በሩን በእግሯ እየገፋች ነው። እንደዚያ ብለህ ንገረው።»

ነገረው። ስልኩን ክፍት አድርጎ ስለተወው ሁሉም ይሰማኝ ነበር። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በዚያ ወፍራም ድምፁ «ሃሃ ዋ…» ብሎ ጀመረና፣ መጨረሻዋ ላይ ድምፁ በራሱ ጊዜ ተሰበረና ወደ ሳቅ ሄደ።

«ውይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ልጁ በጥድፊያ። «ሳቀ እኮ! እንደገና ይበለው?»

«ኧረ ተወው» አልኩት። «እንዳትነኩት።»